ሞላሌ ላይ ዘመድ የቆጠረው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው አስቻለው ደምሴ መሐል ሜዳን ለቆ ወደ ደቡብ ሊሄድ ነው የተባለ ጊዜ፣ ወሬውን የሰማ ሁሉ አርባ ምንጭ የሚወርድ መስሎት ነበር። ጥፋቱ የጓደኛው የሸዋንዳኝ ነው። ሸዋንዳኝ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አገር ምድሩን ስላካለለ ለሰው ሁሉ መኖሪያ ይመርጣል፤ ራሱ ግን እስከ ዛሬ የሚኖረው እናቱ ቤት ነው። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ «ወደ ደቡብ ውረድ» አለው። «ሙዙ እንደ ነፃ ነው። ቤት ኪራይ ርካሽ ነው። ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው በሸሚዝ ይውላል።»

«ሰው በሸሚዝ ከዋለ እኔ ኮት ለማን ልሰፋ ነው?» አለ አስቻለው።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ አስቻለው እንደዚያች ዶሮ አይደለም። መሄዱ ግን አልቀረለትም። አሥራ አንድ ዓመት የሰፋባት ክፍል ባለቤት «ወይ እጥፍ ትከፍላለህ፣ ወይ አፍርሼ ፎቅ እሠራበታለሁ» ብሎታል። ያን ዓመት መሐል ሜዳ ውስጥ ጭቃ ቤት ያለው ሁሉ ፎቅ የሚለውን ቃል ተምሮ ነበር። አስቻለው ደግሞ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ሚስት የሌለው፣ ልጅ የሌለው ሰው ነው፤ ንብረቱ አንድ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያና አንድ አልጋ ናት። ይህን ይዞ እጥፍ መክፈል ለአከራይ ሎሌ መሆን ነው። ስለዚህ ደቡብም ከሆነ ብርድ ያለበት ደቡብ ይሁን ብሎ ወሰነ፤ ከመሐል ሜዳ ወደ ታች በሚኒባስ እየወረደ፣ ትንንሾቹን ከተሞች በየገበያ ቀናቸው እየዞረ ሊመርጥ ተነሣ።

ሌላው ሰው ከተማ ሲመርጥ ውኃው ይመጣል ወይ፣ መብራቱ ይጠፋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አስቻለው የሚያየው የሰውን ጉልበትና ክርን ነው። የመጀመሪያዋን ከተማ ስሟን አልጠራም፤ አማቾች አሉኝ። ገበያው መሐል ቆሞ ቢመለከት የሰው ልብስ ሁሉ ደኅና ተሰፍቷል፤ ዞር ሲል ሦስት ልብስ ሰፊዎች ባንድ በረንዳ ተደርድረው በጎሪጥ ያዩታል። ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ተመለሰ። ሁለተኛዋ ኪራይዋ የሚያስቅ ርካሽ ነበር። ነገር ግን ሰዉ ከራስ እስከ እግሩ ሰልባጅ ለብሷል፤ ሲቀደድ ሌላ ሰልባጅ ይገዛል እንጂ የሚያሰፋ የለም። ኪራይ ቢረክስ ሥራ ከሌለ ምን ይሠራል?

ሦስተኛዋ የእኛዋ ሞላሌ ናት። ገበያው ላይ ያየው ሁሉ ልቡን አሞቀው። የሱሪው ጫፍ ወርዶ መሬት የሚጠርግ፣ ኮቱን በመርፌ ቁልፍ የያዘ፣ እጅጌውን ራሱ በወስፌ የጠቀመ ሰው ሞልቷል። ለልብሱ የሚያስብ፣ ግን እጅ ያጣ አገር ነው። ጠየቀ፤ ነገሩት። ከሁለቱ ሰፊዎች አንዱ አርጅቶ ክር በመርፌ ማስገባት አቅቶታል፣ ሌላው ደብረ ብርሃን ገብቷል። አስቻለው በሆዱ «እዚህ ነው» አለ። የቀረው ቤት ማግኘት ነበር።

ቤቱንም ዝናብ አገኘለት። ዶፍ ሲወርድ ሮጦ የተጠለለው ገበያውን ፊት ለፊት በሚያይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ከአዲስ አበባ ለመጣ ጎረምሳ ዘር ይቆጥራሉ፤ ጎረምሳው በስልኩ ይቀዳል። ሽማግሌው አባባ ተገኘ ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ መንዝ ውስጥ ከማማ እስከ ላሎ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን በስንተኛ ቤት እንደሚገናኝ እሳቸው ሳይጠየቁ ሠርግ አይደገስም። ሰባት ቤት ሳያልፍ ዘመድ ከዘመድ አይጋባማ።

«ተገኘ የሀብቴ፣ ሀብቴ የይርዳው፣ ይርዳው የቦጋለ፣ ቦጋለ የጎንጤ» ይላሉ አባባ ተገኘ። «ጎንጤ ሁለት ወንድ ወለደ። አንዱ ቦጋለ ነው፣ የእኛው። ሁለተኛው በድንበር ተጣልቶ ወደ ግሼ ተሻገረ፤ ስሙም ዘሩም ጠፋብን። አባቴ ሲሞት የቦጋለን ወንድም ፈልግ ብሎኝ ነው የሞተው። ይኸው አረጀሁ፣ አላገኘሁም።»

ጎረምሳው ስልኩን ኪሱ ከቶ ተሰናበተ። አባባ ተገኘም ፊታቸውን ወደ ተጠለለው ሰው አዙረው፣ መንዝ ውስጥ ስምህ ማነው ከመባሉ በፊት የሚጠየቀውን ጠየቁት። «አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

አሁን እዚህ ላይ የአስቻለውን ቁስል ማወቅ ያስፈልጋል። አባቱ የሞተው እሱ ገና ሳይድህ ነው። እናቱ ከግሼ አዝላው መጥታ መሐል ሜዳ ላይ ጠላ እየሸጠች አሳደገችው። ስለ ዘሩ የነገረችው «ደምሴ አባትህ ነው፣ አበራ አያትህ ነው፣ ከዚያ በላይ እግዜር ያውቃል» ብላ ነው። እሷም ካረፈች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። ሌላው በየለቅሶው፣ በየሠርጉ ዘሩን ሲመዝ እሱ «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» እየተባለ የሚተረትበት ሰው ሆኖ ነው የኖረው። ሥራ ያለው ብቸኛ ነበር። ብቸኝነቱም ያመው ነበር።

«ከግሼ ነኝ» አለ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ከግሼ ከማን?»

«የደምሴ። ደምሴ የአበራ።» እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይሄ ታሪክ ባልኖረ። ከበሩ አጠገብ የተዘጋ ክፍል አየ፤ መስኮቱ ገበያውን ያያል፣ ለስፌት የተሠራ ይመስላል። «ክፍሉ ይከራያል?» አለ ነገሩን ለማስቀየስ።

«ይከራያል። ለባዳ በሙሉ፣ ለዘመድ በግማሽ» አሉ አባባ ተገኘ። «አበራስ የማን?»

እስከ ዛሬ ለክፍሉ ብሎ ይሁን ለዘመዱ ብሎ ራሱም አያውቀውም። ዓይኑን በጨው አጥቦ «አበራ የወልደ ሰንበት፣ ወልደ ሰንበት የጎንጤ» አለ።

አባባ ተገኘ አልጮኹም፣ አልተነሡም። በትራቸውን መሬት አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ጎንበስ ሲልላቸው እያለቀሱ አንገቱን አቅፈው «ወልደ ሰንበት ነበር ለካ ስሙ» አሉ። አስቻለው በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ዘመድ ሲያቅፈው የመጀመሪያው ነበር። አፉን ከፍቶ ውሸቴን ነው ሊል ፈለገ፤ አቅፈው የያዙትን ሽማግሌ ግን ሊለቃቸው አልቻለም።

እንዲህ ሆኖ ሞላሌ ገባ። ሸዋንዳኝ ራሱ በጭነት መኪናው የስፌት መኪናዋን አምጥቶ አራገፈ። «ደቡብ ያልኩህ ይሄንን አልነበረም» አለ፤ ሰዉ ዕቃ ሲሻማለት አይቶ ግን ነገሩን ተወው። ከሳምንት በኋላ አስቻለው መፈናፈኛ አጣ። የገና ዕለት ከአምስት ቤት ተጠራ፤ አምስቱም ጋ በላ። ሰንበቴ ገባ። ጉንፋን ቢይዘው አንዷ ፌጦ፣ አንዷ አጥሚት ይዛ መጣች። መንገድ ሲወጣ «ወዴት ነህ?» የሚለው አላጣም። ለኛ ትንሽ ነገር ይመስለናል፣ ወዴት ነህ መባል የሰለቸን ነንና። እሱ ግን ቆም ብሎ የሚሄድበትን፣ የሚገዛውን፣ የሚመለስበትን ሰዓት ሳይቀር ይናገር ነበር።

አባባ ተገኘማ ወጣት ሆኑ። ጠላ ቤት ገብተው «የጠፋው ተገኘ» ብለው ተናገሩ፤ በአባታቸው መቃብር ላይ ሄደው ተናገሩ። ሰው ሲመጣ አስቻለውን ከስፌቱ አስነሥተው «ቁጠርለት» ይሉታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ «አስቻለው የደምሴ፣ ደምሴ የአበራ፣ አበራ የወልደ ሰንበት፣ ወልደ ሰንበት የጎንጤ» ይላል። ሽማግሌው ሲሰሙት ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል።

እንግዲህ አያልነሽ። አያልነሽ የአባባ ተገኘ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ አንዴ አግብታ ፈትታለች። የበግ ፀጉር ትገዛለች፣ ትፈትላለች፣ ታስፈትላለች፤ ዝተት የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ አሠርታ ገበያ ታወጣለች። የመንዝን ብርድ ያለ ዝተት የሚያልፈው ማን አለ? ሥራዋ ደኅና ነው፤ ምላሷም እንደዚያው። የዝተቷን ጠርዝ ለማስጠቀም ወደ አስቻለው በር መምጣት ከጀመረች ጊዜ አንስቶ የከተማው ዝተት ሁሉ ጠርዙ የሚላቀቅ ይመስል ነበር፤ በሳምንት ሦስቴ ትመጣለች።

«እንደምን ዋልክ ዘመዴ» ትለዋለች። ዘመዴ የምትለውን ቃል ጠበቅ አድርጋ ነው።

አንድ ቀን ኮት ልታሰፋ መጣች። አስቻለው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሜትሩን ፈለገ። ካገኘው በኋላ ክንዷን ለካ፣ ጻፈ፣ ተጠራጠረ፣ ደግሞ ለካ። ሦስተኛ ሲመለስባት «ክንዴ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚያድገው?» አለችው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ያን ቀን ነው የሠራው ጥፋት ልክ የታየው። አያልነሽን ወዷታል። የሚወዳት ሴት ደግሞ በገዛ አፉ፣ በአደባባይ፣ በምስክር ፊት የአምስተኛ ቤት ዘመዱ ሆናለች። ሰው ኪራይ ሲቀንስ ሚስት ይቀነስበታል?

እውነቱን ሊናገር ስንቴ ተነሣ። ሲነሣ የሽማግሌው ከንፈር ይታየዋል፤ ደግሞ ይቀመጣል። ዘመዶቹ ሁሉ በአንድ ቀን ባዳ ሊሆኑበት ነው። ወዴት ነህ የሚለው ሊጠፋ ነው። ከዚያ በኋላ ሞላሌም አትኖርም፤ ደግሞ በሚኒባስ ወደ ታች መውረድ ነው።

አያልነሽም ልብ አላት። አንድ ጊዜ ክር እያጠነጠነች «የወልደ ሰንበት ሚስት ማን ትባል ነበር?» አለችው። «አስካለ» አለ። ከወር በኋላ ደግማ ጠየቀችው፤ «ዘርፌ» አለ። «ሁለት ነበሩት ማለት ነው፤ ጎበዝ ሰው ነበር» ብላ ዝተቷን ታቅፋ ሄደች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አስቻለው ሞላሌ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ደብረ ብርሃን የብረታ ብረት ሱቅ ያለው ፍቅረ ሥላሴ የሚባል ሰው አያልነሽን ፈልጎ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ መጀመሪያ ቀን መልስ አልተሰጣቸውም፤ ለእሑድ ቀጠሮ ተቆርጦላቸው ሄዱ። ከእነሱ በፊት ጧት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሊመክር ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት አያልነሽ በአስቻለው በር አለፈች።

«ነገ ዘመዶቼ ይመክራሉ» አለችው። «አንተም ዘመዴ ነህ። ምከር እንግዲህ።»

እሑድ ጧት የአባባ ተገኘ ሳሎን ሞላ። መምሬ መርስዔ ኃዘን የቤቱ ንስሐ አባት ናቸው፤ ጭራቸውን ይዘው ከላይ ተቀምጠዋል። የአባባ ተገኘ የወንድም ልጅ ዳኜ፣ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ከጎናቸው አለ። ሌሎቹ አጎቶችና ያጎት ልጆች ናቸው። አያልነሽ ጓዳ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል። አስቻለው በውጭው በር ሥር ተቀምጧል።

«ሰውየው ሱቅ አለው፣ ቤት አለው፣ ጠጪ አይደለም» አሉ አባባ ተገኘ። «የምትቃወሙት ነገር ካለ ተናገሩ። ከአስቻለው እንጀምር። ከጠፋው ወንድም ወገን እሱ ብቻ ነው፤ ቃሉ ይከበራል።»

አስቻለው ተነሣ። ዝም ቢል ቤቱም፣ ዘመዱም፣ ከተማውም ይኖሩታል፤ አያልነሽ ግን ደብረ ብርሃን ትገባለች። ቢናገር ሁሉንም ሊያጣ ነው፤ እሷንም ማግኘቱን ማን ያውቃል?

«እኔ የምቃወመው አለኝ» አለ። «ግን ለመቃወም መብት የለኝም። የጎንጤ ዘር አይደለሁም። አባባ በረንዳ ላይ ሲቆጥሩ ሰምቼ ነው የተቀጠልኩት። ወልደ ሰንበት የሚባል ሰው አላውቅም። የማውቀው አባቴንና አያቴን ብቻ ነው። አያልነሽን እወዳታለሁ። ዘመድ ሆኜ ከምኖር ባዳ ሆኜ ልጠይቃት እመርጣለሁ።»

የመምሬ ጭራ እንኳን ቆመች። ሰዉ ሁሉ አባባ ተገኘን ያያል። እሳቸው ደግሞ እጃቸውን ያያሉ፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፉ፣ አራተኛው ላይ ቆሙ።

«ቦጋለ ወንድሙን አገኘ ብዬ በአባቴ መቃብር ላይ ተናግሬያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለው «ውጣ» አሉት።

አስቻለው ወጣ። አጥሩ ሥር ቆመ፤ እግሩ ከዚያ አልፎ አልሄድ አለው። ቢቆጡት፣ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ከቁጣቸው ይልቅ ኀዘናቸው ከበደው። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ይሰማል። የአያልነሽ ድምፅ ነው የቀደመው።

«አባባ፣ እኔ ካወቅሁት ዓመት ሆነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎዎት ነበራ።»

ደግሞ የሽማግሌው ድምፅ። «የደብረ ብርሃኑን ትፈልጊዋለሽ?»

«አንዴ ሰው በመረጠልኝ ሄጄ አይቼዋለሁ። አልፈልገውም።»

«ይሄንን ውሸታምስ?»

«እሱም ሽማግሌ ይላክና እናየዋለን» አለች።

«ማንን ይልካል? ዘመድ የለው» አሉ አባባ ተገኘ። ይህን ያሉት በንዴት ነው፤ ከአፋቸው ሲወጣ ግን ሌላ ነገር መሰለ። ሳሎኑ ውስጥ ያለ ሁሉ ዘመድ የለው ሲባል አንገቱን ደፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልብሳቸውን ለሰፋው፣ ሬሳቸውን ለተሸከመው ሰው ነው የተባለው።

መጀመሪያ የወጣው ዳኜ ነው። አጥሩ ሥር ያለውን አስቻለውን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ኮትህን ቆልፍ» አለው። «ሽማግሌ የሚልክ ሰው እንዲህ አይቆምም።» ቀጥለው መምሬ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ከእሳቸው ኋላ አንድ አጎት፣ ደግሞ ሌላ አጎት። ሲቆጠር ውጭ ያለው ሽማግሌ ውስጥ ከቀረው በለጠ። አስቻለው ኮቱን ቆለፈ።

«አንተ እዚሁ ቁም» አሉት መምሬ፤ ተሰልፈው ሄደው አሁን የወጡበትን በር አንኳኩ። «ቤቶች።»

ከውስጥ ብዙ ቆይቶ ድምፅ መጣ። «እነማን ናችሁ?»

«ሽማግሌ ነን፤ የእግዚአብሔር እንግዶች» አሉ መምሬ፣ ከደቂቃ በፊት የጠጡበት ብርጭቆ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳለ።

«ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?»

«ልጅዎን ለልጃችን።»

አባባ ተገኘ በሩን ከፍተው ወጡ። የወንድማቸውን ልጅ፣ የንስሐ አባታቸውን፣ የአጎታቸውን ልጆች እንደማያውቋቸው ሰዎች አንድ በአንድ ተመለከቱ። «ልጃችሁ የማን ዘር ነው?»

«አስቻለው የደምሴ፣ ደምሴ የአበራ» አለ ዳኜ። «ከዚያ በላይ አያውቅም።»

«እኔ ደግሞ ሰባት ቤት ሳልቆጥር ልጅ አልድርም። ከግሼ ነው። የጎንጤ ልጅ የጠፋው ግሼ ነው። ሲዋሽ እውነቱን ተናግሮ እንደሆነስ? ሄጄ አጣራለሁ። ከሰባት ቤት በታች ከተገናኘን፣ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።» ይህን ብለው ወደ ቤት ገቡ። ከሰዓት የፍቅረ ሥላሴ ሽማግሌዎች መጡ፤ በክብር በልተው ጠጥተው፣ ልጅቷ አልወደደችም ተብለው በክብር ተሸኙ።

አባባ ተገኘ ማክሰኞ ጧት ስንቃቸውን አስቋጥረው፣ በሚኒባስ ወደ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ግሼ ነጎዱ። አሥራ ስድስት ቀን ቆዩ። አሥራ ስድስቱንም ቀን አስቻለው ሰው አልነበረም። ለአንድ መምህር ኮት ሲሰፋ ሁለቱንም የግራ እጅጌ ገጠመ። የዋሸው ውሸት እንዳይጋለጥበት መፍራት ለምዶ ነበር፤ አሁን የሚፈራው ውሸቱ እውነት እንዳይሆን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዘር ስጠኝ ሲል የኖረ ሰው ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ግንቡን ተደግፎ «ጌታዬ፣ ባዳ አድርገኝ» ብሎ ይጸልያል። አያልነሽ ደግሞ የዝተት ጠርዝ ማስጠቀም አቁማለች፤ በበሩ ስታልፍ ግን እርምጃዋ ይቀንሳል።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን አባባ ተገኘ ከሚኒባስ ወረዱ። ዳኜ በትራቸውን ሊቀበል ሮጠ፤ አልሰጡትም። በቀጥታ ወደ ስፌት ቤቱ መጡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። አያልነሽ ወሬውን ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ የደብተር ወረቀት አወጡ።

«የአያትህን የአበራን እኅት አገኘኋት» አሉ። «ዘጠና ዓመቷ ነው። ዓይኗ አያይም፣ ልቧ ግን ሁሉን ያያል። እናትህ አዝላህ የሄደችበትን ቀን ሳይቀር ነገረችኝ። ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር አመሳከርኩት። በእናትህም በአባትህም ወገን ቆጠርኩ፤ ሰባት ቤት አለፍኩ። ጎንጤ የለበትም። ንጹሕ ባዳ ነህ።»

አስቻለው ፊቱን በሜትሩ ሸፍኖ አለቀሰ። ባዳ በመባሉ ደስ ብሎት ያለቀሰ ሰው መንዝ ውስጥ ከእሱ ሌላ አልሰማሁም። አያልነሽ በሩ ላይ ሆና ሳቀች።

«ኪራዩም ከዚህ ወር ጀምሮ በሙሉ ነው» አሉ አባባ ተገኘ። ወረቀቱን ዘርግተው ሰጡት። «ያንተን ደግሞ ይኸው። ደምሴ፣ አበራ፣ ማንደፍሮ፣ ሽብሩ፣ አንዳርጌ፣ ወሰኔ፣ ጥላዬ። የሌላ ሰው ዘር መስረቅ አያስፈልግህም። ደኅና ሰዎች ናቸው፤ አንዳርጌ ብቻ ትንሽ ተደባዳቢ ነበር አሉ።»

አስቻለው ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ አነበባቸው። ከአበራ ቀጥሎ ያሉትን ደግሞ አነበባቸው። ቀና ብሎ «ይቅር ይበሉኝ አባባ። የጎንጤን ልጅ ወሰድኩብዎት» አለ።

«ወስደህብኛል» አሉ ሽማግሌው። አልሸነገሉትም። በትራቸውን ይዘው ተነሡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ልጃቸው ትከሻ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆሙ። «ብትሆን ደስ ባለኝ ነበር። አይደለህም፤ ምን ላድርግ። የምትወልዱት ልጅ ግን በአንተ ጥላዬን፣ በእሷ ጎንጤን ይቆጥራል። ያንን ማስቆጠር የእኔ ሥራ ነው፤ ስለዚህ አትዘግዩ፤ እኔ አርጅቻለሁ።»